ዘር ከልጓም ይስባል፤ የኬራቲን ምልክት በካንሰር ምርምር ታሪክ

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። አነጋገሩ ስለ ሰው ሲነገር ሊያከራክር ይችል ይሆናል፤ ስለ ሕዋስ ሲነገር ግን ብዙ እውነት አለበት። የካንሰር ሕዋስ ሥርዓቱን ያፈርሳል፤ መልኩን ይለውጣል፤ ከተፈጠረበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ይሰደዳል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የትውልድ ቦታውን የሚያሳብቅ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ከእነዚህ ምልክቶች መካከል ብዙ አገልግሎት ከሰጡት አንዱ ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቀንድና በጠጕር ውስጥ የሚገኘው ይህ ፕሮቲን እንዴት አድርጎ ከካንሰር መርማሪዎች መሣሪያ ውስጥ እንደ ገባ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር በታሪክ ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የጥያቄው መነሻ

በ1858 ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስተማረ። ከዚህ ትምህርት የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ካንሰር ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከራሱ ከሰውነት ሕዋስ የተወለደ ነው ማለት ነው። እንግዲያውስ ከየትኛው ሕዋስ ተወለደ? የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ቪርኾ ራሱ ተሳስቶ ነበር። ካርሲኖማ የተባለው የካንሰር ዓይነት የሰውነትን ክፍሎች እርስ በርስ ከሚያያይዘው ሕብረ ሕዋስ ይነሣል ብሎ ያምን ነበር። በ1865 ካርል ቲርሽ የቆዳን ካንሰር፣ ከእርሱም ቀጥሎ ቪልሄልም ቫልደየር የሌሎች አካላትን ካንሰር በአጉሊ መነጽር መርምረው፣ ካርሲኖማ የሚነሣው ኤፒተልየም ከተባለው ሸፋኝ ሕብረ ሕዋስ መሆኑን አሳዩ። ኤፒተልየም ማለት ቆዳን ከላይ የሚሸፍነው፣ አፍን፣ አንጀትንና የአየር ቧንቧን ከውስጥ የሚለብጠው፣ እንዲሁም በጡትና በጣፊያ አቅራቢያ ባለው ፓንክሪያስ ውስጥ ፈሳሽ የሚያመነጨው የሕዋስ ንጣፍ ነው።

በዚህ መሠረት ካንሰሮች በትውልዳቸው ተከፋፈሉ። ከኤፒተልየም የተወለደው ካርሲኖማ፣ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከአያያዥ ሕብረ ሕዋስ የተወለደው ሳርኮማ፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ሆኖ በንፍፊቶች ውስጥ የሚያድገው ሊምፎማ፣ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የተወለደው ሜላኖማ ተባለ።

ይህ አከፋፈል የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለዚህም ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ዴኒስ በርኪት የተባለው አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1957 ካምፓላ በሚገኘው በሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋቸው በአስጊ ሁኔታ ያበጠ ሕፃናትን ተመለከተ። በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ዕጢውን ሳርኮማ ብሎ ጠራው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን እዚያው ካምፓላ ይሠሩ የነበሩ ፓቶሎጂስቶች በሽታው በእርግጥ ሊምፎማ መሆኑን ገለጹ። በ1960ዎቹ ዓመታት በመድኃኒት ሲታከም፣ በቢላዋ ሊነቀል የማይችለው ዕጢ በብዙ ሕፃናት ላይ እየሟሸሸ ሄደ፤ ከመካከላቸውም የዳኑ ተገኙ። እንግዲህ የዕጢውን ዘር ማወቅ ለአንድ ሕፃን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ ፓቶሎጂስቱ ዘሩን የሚለይበት ዋናው መንገድ መልክ ብቻ ነበር። ዕጢው የተነሣበትን አካል መልክ በከፊል ይዞ ከተገኘ መለየቱ አያስቸግርም። መልኩን ጨርሶ የጣለ ዕጢ ሲያጋጥም ግን ሕዋሳቱ ሁሉ ክብና ጥቁር ሆነው ስለሚታዩ፣ አንዱ ባለሙያ ካርሲኖማ ሲል ሌላው ሊምፎማ ይላል። ከመልክ በላይ የሆነ ምልክት ያስፈልግ ነበር።

ከበግ ጠጕር የተጀመረ ምርምር

መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ኬራቲን የሚለው ስም የተገኘው «ኬራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ቀንድ ማለት ነው። ቀንድ፣ ሰኮና፣ ጥፍር፣ ጠጕርና የቆዳ የላይኛው ንጣፍ በብዛት የተሠሩት ከዚሁ ፕሮቲን ነው። ኬራቲን በውሃ አይሟሟም። በውስጡ የሚገኙት የድኝ አተሞች ጎን ለጎን ያሉትን የፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ ስለሚያስተሳስሩ ጠንካራ ነው። ጠጕር ወይም ቀንድ ሲቃጠል አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የሚመጣው በከፊል ከዚሁ ድኝ ነው።

በእንግሊዝ አገር የምትገኘው ሊድስ በሱፍ ጨርቅ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ዊልያም አስትበሪ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1928 ወደዚያ የሄደው የጨርቃ ጨርቅ ክሮችን ጠባይ እንዲያጠና ነበር። አስትበሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በበግ ጠጕር ውስጥ ኤክስሬይ እያሳለፈ ፎቶግራፍ አነሣ። ጠጕሩ ሳይለጠጥ አንድ ዓይነት ምስል፣ በእንፋሎት እየረጠበ ሲለጠጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምስል ሰጠ። የመጀመሪያውን አልፋ፣ ሁለተኛውን ቤታ ብሎ ሰየማቸው። ከዚህም በመነሣት በጠጕር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተጠቅልሎ የሚኖር፣ ሲሳብ ደግሞ የሚዘረጋ ሰንሰለት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ።

ጥቅልሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በትክክል የገለጹት በ1951 አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ ሮበርት ኮሪና ኸርማን ብራንሰን ናቸው። ቅርጹን «አልፋ ሂሊክስ» አሉት፤ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ችግር ቀረ። በፖሊንግ ስሌት የጥቅልሉ አንድ ዙር ርዝመት 5.4 አንግስትሮም ሲሆን የአስትበሪ ፎቶግራፍ ግን 5.1 ያሳይ ነበር። ይህን ልዩነት ፍራንሲስ ክሪክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈታው። ጥቅልሎቹ ብቻቸውን ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሳይሆኑ፣ ልክ የቃጫ ገመድ እንደሚገመድ አንዱ በሌላው ላይ የሚጠመጠሙ መሆናቸውን አስረዳ። በመጠምጠሙ ምክንያት እያንዳንዱ ጥቅልል ዘመም ስለሚል ርዝመቱ አጥሮ ይለካል።

እስከዚህ ድረስ ኬራቲን የሱፍና የቀንድ ጉዳይ ነበር። ስለ ካንሰር ያሰበ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በ1968 ሃሩኖሪ ኢሺካዋ፣ ሪቻርድ ቢሾፍና ሃዋርድ ሆልትዘር በአሜሪካ የጡንቻ ሕዋሳትን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ ከቀጭኖቹ ክሮች የሚወፍሩ ከወፍራሞቹ ደግሞ የሚቀጥኑ ሌሎች ክሮች አገኙ። ውፍረታቸው ወደ 10 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ ያህል ነው። በመካከል ስለ ሆኑ መካከለኛ ክሮች ተባሉ። ከዚያ በኋላ በብዙ ዓይነት ሕዋሳት ውስጥ ተመሳሳይ ክሮች ታዩ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን የቆዳው፣ የጡንቻውና የነርቩ ክር ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸውን የሚገልጥ ሌላ ዘዴ ያስፈልግ ነበር።

ፀረ እንግዳ አካል እንደ ችቦ

ይህ ዘዴ ቀደም ብሎ በሌላ መስክ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰውነት የማያውቀው ነገር ሲገባበት ያንኑ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ ሐኪሞች አንቲቦዲ ይሉታል። ጥንቸል የሰው ኬራቲን ቢወጋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በደሙ ውስጥ ኬራቲንን የሚይዝ አንቲቦዲ ይገኛል። አልበርት ኩንስ የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም በ1941 ከባልደረቦቹ ጋር በመሆን በአንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ። አንቲቦዲው የሚፈልገውን ነገር ፈልጎ ሲይዝ ቀለሙ በማይክሮስኮፕ ሥር ያበራል። በጨለማ ቤት ውስጥ ችቦ ይዞ የጠፋ ዕቃ እንደ መፈለግ ያለ ነው።

በ1966 ፖል ናካኔና ባሪ ፒርስ በሚያበራው ቀለም ፋንታ ኤንዛይም አጣበቁ። ኤንዛይሙ ተስማሚ ኬሚካል ሲሰጠው አንቲቦዲው በያዘበት ቦታ ላይ የማይጠፋ ቀለም ስለሚተው፣ ውጤቱን በማናቸውም ተራ ማይክሮስኮፕ ማየት ተቻለ። በ1975 ደግሞ ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመነጩ ሕዋሳት ማራባት ቻሉ። ከጥንቸል የሚገኘው አንቲቦዲ የብዙ ዓይነቶች ድብልቅ ነው፤ ጥንቸሉም ሲሞት ያልቃል። አዲሱ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ምንጩም አይደርቅም። ለዚህ ሥራቸው ሁለቱ ሊቃውንት በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የ1978 ግኝት

በ1975 ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን የሰው የቆዳ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ ሳሕን ውስጥ ደጋግሞ ማራባት የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። ሥራው የተቃናላቸው በጨረር መራባታቸው የተገታ የአይጥ ሕዋሳትን ከሥር አንጥፈው ነው። ነገር ግን በሳሕን ውስጥ የሚያድጉት ሕዋሳት በእርግጥ የቆዳ ኤፒተልየም ናቸው ወይስ ሌላ ነገር ነው? ይህን ለመለየት ምልክት ያስፈልጋል።

በ1978 ቱንግ ቲየን ሰንና ሃዋርድ ግሪን ከሰው የቆዳ የላይኛው ንጣፍ በተገኘ ኬራቲን ላይ አንቲቦዲ አዘጋጅተው በልዩ ልዩ ሕዋሳት ላይ ሞከሩት። በቆዳ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የክር መረብ አበራ። በአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት ላይ ግን ምንም አልታየም። ይበልጥ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1979 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ቀንድም ጥፍርም በሌለባቸው የውስጥ አካላት ኤፒተልየም ውስጥ ተመሳሳይ መረብ ተገኘ። እንግዲህ ኬራቲን የሻካራ ነገር ብቻ ሳይሆን የኤፒተልየም ሁሉ ምሰሶና ማገር ነው።

በዚያው በ1978 በጀርመን የሃይደልበርጉ ቨርነር ፍራንከ ከጎቲንገኖቹ ከሜሪ ኦስቦርንና ከክላውስ ቬበር፣ እንዲሁም ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በመሆን፣ መልካቸው አንድ የሚመስለው መካከለኛ ክሮች በአንቲቦዲ ሲፈተኑ የተለያዩ መሆናቸውን አረጋገጠ። በእነዚህና በተከታዮቻቸው ጥናት ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ተለዩ። በኤፒተልየም ኬራቲን፣ በአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ቫይመንቲን፣ በጡንቻ ዴስሚን፣ በነርቭ ሕዋስ የነርቭ ክር፣ የነርቭ ሕዋሳትን በሚደግፉት ሕዋሳት ደግሞ ግላያዊ ፕሮቲን የተባለው ይገኛል። ይህ ዝርዝር የቲርሽንና የቫልደየርን አከፋፈል ይመስላል። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በዓይን የተለየው ነገር በፕሮቲን ተረጋገጠ ማለት ነው።

የ1982 መዝገብ

ኬራቲን አንድ ፕሮቲን አይደለም፤ ትልቅ ቤተሰብ ነው። በ1982 ሮላንድ ሞልና ቨርነር ፍራንከ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰውን ኬራቲኖች በክብደታቸውና በኤሌክትሪክ ጠባያቸው እየለዩ 19 ዓይነቶችን መዘገቡ፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጡት። ከ1 እስከ 8 ያሉት በአንድ ወገን፣ ከ9 እስከ 19 ያሉት አሲዳዊ ጠባይ ያላቸው ደግሞ በሌላ ወገን ተመደቡ። በ1990 በአንጀት ኤፒተልየም ውስጥ የሚገኘው ኬራቲን 20 ተጨመረ። በ2006 ስያሜው እንደገና ሲስተካከል በሰው ውስጥ የሚሠሩት የኬራቲን ጂኖች፣ የጠጕሮቹን ጨምሮ፣ 54 መሆናቸው ተገለጸ።

እነዚህ ፕሮቲኖች የሚኖሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ክር ለመሥራት ከአንደኛው ወገን አንድ፣ ከሁለተኛው ወገን አንድ ያስፈልጋል። አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ባለው ኤፒተልየም፣ ለምሳሌ በጉበትና በአንጀት፣ የ8ና የ18 ጥንድ ይገኛል። በቆዳ የታችኛው ረድፍ የ5ና የ14፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ የ1ና የ10 ጥንድ ይተካል። ስለዚህ የኬራቲኑ ቁጥር የሕዋሱን ወገን ብቻ ሳይሆን ቀበሌውንም ጭምር ያመለክታል።

ክሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታወቀው ሲበላሽ ነው። ቆዳቸው በትንሽ መታሸት ብቻ ውሃ የሚቋጥርና የሚላጥ ልጆች አሉ። በ1991 የኢሌይን ፉክስንና የሌሎችንም ላቦራቶሪዎች ጨምሮ ብዙ ተመራማሪዎች የዚህ በሽታ ምክንያት በኬራቲን 5 ወይም በኬራቲን 14 ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑን አሳዩ። ማገር የሌለው ግድግዳ እንደሚፈርስ ሁሉ መረቡ የላላ ሕዋስም ይቀደዳል።

በላቦራቶሪ ውስጥ ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

ከበሽተኛው የተቆረጠው ናሙና በመጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ሕብረ ሕዋስን ሳይበሰብስ እንደሚያቆይ የገለጸው ፈርዲናንድ ብሉም በ1893 ነው። ቀጥሎ ናሙናው በሰም ይደፈንና ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ በማይበልጥ መጠን ይሸረከታል። ሽርካቹ በመስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ ሰሙም ይወገዳል።

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይሸፈናል። በ1991 ሻን ሮንግ ሺና ባልደረቦቹ መስተዋቱን በፈሳሽ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት በማፍላት የተሸፈነው ቦታ እንደገና እንዲገለጥ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ ለብዙ ዓመታት በመደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ናሙናዎችን ሁሉ ለምርመራ ከፈተ።

ከዚህ በኋላ የኬራቲን አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ያልያዘው ታጥቦ ይወገዳል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዝ ኤንዛይም የተጣበቀበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል። በመጨረሻም ቀለም የሚሆነው ኬሚካል ሲደረግበት ኬራቲን ያለበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ይሆናል፤ የቀረው ሄማቶክሲሊን በተባለ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ከምርመራው ጋር ሁልጊዜ ሁለት ማመሳከሪያዎች መሠራት አለባቸው። አንደኛው ኬራቲን እንዳለበት በእርግጥ የሚታወቅ ናሙና፣ ለምሳሌ ጤናማ ቆዳ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልተደረገበት መስተዋት ነው። የፊተኛው ቡናማ ካልሆነ መድኃኒቱ አልሠራም፤ የኋለኛው ቡናማ ከሆነ ቀለሙ ያለ ቦታው ተለጥፏል። እነዚህ ሳይታዩ የሚሰጥ ውጤት ዋጋ የለውም።

ምልክቱ ምን ጥቅም ሰጠ?

የመጀመሪያው ጥቅም ከፍ ብሎ የጠቀስነውን የመልክ ክርክር መፍታቱ ነው። ዘሩ ያልታወቀ ዕጢ ሲገኝ ለኬራቲን አንድ፣ ሲዲ 45 ለተባለው የነጭ ደም ሕዋሳት ምልክት አንድ፣ ለሜላኖማ ምልክቶች ደግሞ ሌላ መስተዋት ይዘጋጃል። ኬራቲን ታይቶ ሌሎቹ ካልታዩ ወደ ካርሲኖማ፣ ሲዲ 45 ብቻ ከታየ ወደ ሊምፎማ ያመለክታል። ሕክምናቸው እጅግ የተለያየ በመሆኑ ይህ ቡናማ ቀለም የበሽተኛውን ዕድል ሊወስን ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅም ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ ካርሲኖማ ከየት እንደ መጣ ፍንጭ መስጠቱ ነው። በጉበት ላይ የተገኘ ዕጢ ኬራቲን 20 ኖሮት ኬራቲን 7 ከሌለው ብዙውን ጊዜ ከትልቁ አንጀት የመጣ ነው። ኬራቲን 7 ኖሮት 20 ከሌለው ሳንባና ጡት ይጠረጠራሉ። ሁለቱም ካሉት ፊኛና ፓንክሪያስ፣ ሁለቱም ከሌሉት ደግሞ ፕሮስቴት፣ ኩላሊትና ራሱ ጉበት ከሚታሰቡት መካከል ናቸው። «ብዙውን ጊዜ» የሚለውን ቃል አንባቢ እንዳይዘነጋው።

ሦስተኛው ጥቅም የተደበቀውን መፈለጉ ነው። በአጥንት መቅኔና በደም ውስጥ የኤፒተልየም ሕዋስ ቦታ የለውም። ስለዚህ በዚያ ኬራቲን ያለው ሕዋስ ከተገኘ መንገደኛ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በ1987 በጀርመን የነበሩ ተመራማሪዎች በኬራቲን 18 አንቲቦዲ አማካይነት በካንሰር በሽተኞች መቅኔ ውስጥ በሌላ መንገድ የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳትን ለዩ። በ2004 ደግሞ በአሜሪካ 177 የተሠራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ደም ሴልሰርች በተባለው ዘዴ ተመረመረ። በዚህ ዘዴ ሕዋሱ እንዲቆጠር ኬራቲን 8፣ 18 ወይም 19 ሊኖረው፣ ሲዲ 45 ደግሞ ሊጎድለው ይገባል። በ7.5 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት የተገኙባቸው በሽተኞች፣ ከዚያ በታች ከተገኘባቸው ይልቅ በአማካይ ዕድሜያቸው አጭር ሆነ።

የምልክቱ ወሰን

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ኬራቲን የካንሰር ምልክት አይደለም፤ የኤፒተልየም ምልክት ነው። ጤናማ ቆዳም ኬራቲን አለው። ምልክቱ «ዘሬ ይህ ነው» ይላል እንጂ «ወንጀለኛ ነኝ» አይልም። ካንሰር መሆኑን የሚወስነው የሕዋሱ ቅርጽ፣ አበዛዙና ያለ ቦታው መገኘቱ ነው። በንፍፊት ውስጥ እንኳ ሕንፃውን የሚደግፉ አንዳንድ ጤናማ ሕዋሳት ኬራቲን 8ና 18 ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ያልጠነቀቀ መርማሪ ሊታለል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዘር ከልጓም ይሳብ እንጂ ሁልጊዜ አያሸንፍም። በ1982 የሃርቫርዷ ኤልዛቤት ሄይና ጋሪ ግሪንበርግ የኤፒተልየም ሕዋሳትን ኮላጅን በተባለ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ ሕዋሳቱ ንጣፋቸውን ትተው እንደ ተጓዥ ሕዋሳት መንቀሳቀስ ጀመሩ። በካንሰርም ተመሳሳይ ለውጥ ይታያል። ሕዋሱ ኬራቲኑን እየቀነሰ ቫይመንቲን እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ኬራቲን ያለውን ብቻ የሚፈልግ መርማሪ፣ ምልክቱን የጣለው ሕዋስ ሊያመልጠው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ እንደ ሲኖቪያል ሳርኮማ ያሉ አንዳንድ ሳርኮማዎች ኬራቲን ይዘው ይገኛሉ።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ ወገንን እንጂ ባለቤትን አይናገርም። ለዚህም የሂላ ሕዋሳት ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1951 በባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ሳለች፣ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ ከዕጢዋ ናሙና ተወሰደ። እርስዋ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ሕዋሳቷ ግን እስካሁን በዓለም ላቦራቶሪዎች ይራባሉ። በ1966 ስታንሊ ጋርትለር፣ ከሌሎች ሰዎች እንደ ተወሰዱ ይታመንባቸው የነበሩ ብዙ የሕዋስ ዘሮች በእርግጥ ሂላ መሆናቸውን በኤንዛይም ምርመራ አመለከተ። ሂላ ወደ ሌሎቹ ሳሕኖች ገብቶ ባለቤቶቹን አጥፍቶ ነበር። ሂላ ኬራቲን አለው፤ በሳሕን ውስጥ ሲያድግም ቫይመንቲን ጭምር ይይዛል። ስለዚህ ኤፒተልየም ነው በተባለ ሳሕን ውስጥ ሂላ ቢገባ የኬራቲን ምርመራ «ትክክል ነው፤ ኤፒተልየም ነው» ብሎ ያልፈዋል። የማን እንደ ሆነ ለመለየት የዘር ውርስ ምርመራ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ማወቅ ሁልጊዜ ማዳን አይደለም። በደም ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ካልቀነሱ መድኃኒቱን ቶሎ መለወጥ ይጠቅም እንደ ሆነ ለማወቅ የተደረገ ጥናት ውጤቱን በ2014 አወጣ። መድኃኒት የተለወጠላቸው ሴቶች ካልተለወጠላቸው ይበልጥ አልኖሩም። ምልክቱ አደጋውን በትክክል ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን የተሻለ መድኃኒት በእጅ አልነበረም።

ለእኛ ምን ያስተምረናል?

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰሮች ናቸው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያና በታንዛንያ አልፎ ወደ ደቡብ በሚዘልቀው የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የበዛባቸው ቦታዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው ካርሲኖማዎች፣ ማለትም የኬራቲን ወገን ናቸው። ስለዚህ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አንቲቦዲ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠነ ዓይን የሚፈልግ ነገር ነው። ዛሬ በክፍላችን የተቀመጠው ተማሪ ነገ ያ ዓይን ሊሆን ይችላል።

መምህራን ትምህርቱን በቀላል ነገር ሊጀምሩት ይችላሉ። አንድ ረጅም ጠጕር ደረቅ ሳለ በቀስታ ጎትቶ መለካት፤ ቀጥሎ በውሃ ተዘፍዝፎ የቆየ ሌላ ጠጕር እንደዚሁ ጎትቶ ማወዳደር ነው። እርጥቡ የበለጠ ይለጠጣል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ አስትበሪ ያየውን ነገር መጀመሪያ ያያሉ። ከዚያም «ይህ ጠጕር ስለ ካንሰር ምን ሊነግረን ይችላል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከእነርሱ ጋር ደረጃ በደረጃ መፈለግ ይጠቅማል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የሱፍ ተመራማሪው፣ የቆዳ ሕዋስ አራቢውና የአንቲቦዲው ሊቅ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥያቄ ሲከተሉ ማናቸውም ብቻቸውን ሊደርሱበት የማይችሉት መሣሪያ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ወሰኑን ማወቅ እንዳለበት ነው። ቡናማው ቀለም ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክሩን ከሌሎች ምስክሮች ጋር አስተያይቶ የሚፈርደው የሰው አእምሮ ነው፤ ከፍርዱም በስተጀርባ መዳንን የሚጠባበቅ በሽተኛ አለ።